የቪትዝን የጃፓን ናቪጌሽን በአንድሮይድ ቴፕ መተካት ይሻላል ወይስ ባለበት መተው?

ጥያቄ፦ ኬክ አድራሽ

ሰላም ለሁላችሁም። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ልምድ ያላችሁን ሰዎች ምክር መስማት ስለፈለግሁ ጉዳዩን ከሥሩ ላስረዳ። ባለፈው ዓመት የገዛኋት ቪትዝ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ናት፤ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረው ዱባይ ነው። መሪው ሲዞር ግን ባለ ስክሪኑ ናቪጌሽን አልተቀየረም፤ ዛሬም ዳሽቦርዱ መካከል ተቀምጦ ሁሉንም ነገር በጃፓንኛ ይጽፋል። ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር አንዲት ሴት በትሕትና ድምፅ አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤ ትርጉሙን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ካርታውን ስከፍት የማየው የጃፓን ከተሞችን መንገዶች ነው። ሬዲዮውም ከ90 አያልፍም፤ ሸገር 102.1ን ወይም ፋና 98.1ን ለመስማት ስልኬን መክፈት አለብኝ።

ሥራዬ ኬክ ጋግሬ ለደንበኞች ማድረስ ነው። መነሻዬ ሰሚት ሲሆን ጀሞ፣ አያትና ኮዬ ፈጬ ድረስ እሄዳለሁ። ደንበኞቼ በቴሌግራም ሎኬሽን ይልኩልኛል፤ እኔም ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አንድ ዓይኔን መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይኔን ስልኩ ላይ አድርጌ እነዳለሁ። ይህ እንደማያዛልቅ የገባኝ ከሁለት ወር በፊት ሦስት ደርብ የሰርግ ኬክ ከኋላ ጭኜ ስሄድ፣ መታጠፊያው አልፎኝ በድንገት ፍሬን በመያዜ ላይኛው ደርብ ሲወድቅብኝ ነው። ሙሽሮቹ በመልካም ፊት ቢቀበሉኝም ያንን ቀን አልረሳውም።

የጠየቅኋቸው ሰዎች ምክር አንድ አይደለም። አንድ ዲኮር ቤት ባለ 9 ኢንች አንድሮይድ ቴፕ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደሚገጥምልኝ ነገረኝ። መኪናዬን የሚያይልኝ መካኒክ ደግሞ የፋብሪካውን ሽቦ ያስነካ ሰው ሁልጊዜ ከባትሪ ጋር እንደሚታገል አስጠነቀቀኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ወንድሜ በበኩሉ ካርታው በውስጡ የተጫነ፣ ስመ ጥር የሆነ መሣሪያ ከአሜሪካ ልላክልሽ ይላል። የፋብሪካውን መሣሪያ ማውጣት በእርግጥ ያዋጣል? ካዋጣስ ምን ዓይነቱን ልምረጥ፣ ሲገጠምስ ምኑን ቆሜ ልከታተል?

መልስ፦ ሽቦና ቴስተር

እህቴ፣ ላለፉት 15 ዓመታት የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ የኖርሁ ነኝ፤ እንደ እርስዎ ያለችውን ቪትዝ ብዙ ጊዜ ከፍቻለሁ። በእርስዎ መኪናና በእርስዎ ሥራ መቀየሩ ያዋጣል ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ዲኮር ቤቱ የሚያሳይዎት የስክሪን ስፋት ከሁሉ ያነሰው ጉዳይ ነው፤ ሥራውን የሚያበላሹትም የሚያሳምሩትም ሽቦው፣ የጂፒኤስ አንቴናውና ካርታው ናቸው።

አስቀድሜ የሴትየዋን ነገር ላብራራ። በአብዛኛው በእነዚህ መኪኖች የሚሰማው መልእክት «የኢቲሲ ካርድ አልገባም» የሚል ነው። ኢቲሲ በጃፓን የክፍያ መንገዶች ላይ መኪናው ሳይቆም ሒሳብ የሚቆረጥበት ሥርዓት ነው። መሣሪያው ከናቪጌሽኑ የተለየ ትንሽ ሳጥን ሲሆን ከመሪው በታች ወይም በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ቴፑ ተቀይሮም ድምፁ ሊቀጥል ይችላል፤ ባለሙያው ዳሽቦርዱን ሲከፍት የዚያን ሳጥን ሶኬት እንዲነቅልልዎ ይንገሩት።

የፋብሪካው መሣሪያ መጥፎ ዕቃ እንዳይመስልዎት። የጂፒኤስ ምልክት ሲቋረጥበት ከመኪናዋ የሚመጣውን የፍጥነት ምልክትና በውስጡ ያለውን የመዞር መለኪያ እያየ ቦታውን ራሱ ያሰላል፤ በዋሻና በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል እንዳይጠፋ ተብሎ የተሠራ ነው። ችግሩ የሚያነበው ካርታ የጃፓን ብቻ መሆኑና ቋንቋውን የሚቀይር ምርጫ የሌለው መሆኑ ነው። ሬዲዮውም እንዲሁ ለሌላ አገር የተለካ ነው፤ የጃፓን ኤፍ ኤም ለረጅም ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ሲሠራ የኖረ ሲሆን የእኛ ጣቢያዎች ግን ከ88 እስከ 108 ባለው ውስጥ ናቸው። ይህን ለማስታረቅ አንቴናው ላይ የሚገባ የባንድ መቀየሪያ ይሸጣል፤ ነገር ግን ሒሳቡን ይመልከቱት። መቀየሪያው 16 ሜጋ ኸርዝ የሚቀንስ ከሆነ ሸገር 102.1 በ86.1 ላይ ይሰማል፣ ኢትዮ ኤፍ ኤም 107.8 ግን 91.8 ላይ ስለሚያርፍ ከመሣሪያው ክልል ይወጣል። 20 የሚቀንሰውን ቢገዙ 107.8ን ያገኛሉ፣ አሐዱ 94.3 ደግሞ 74.3 ላይ ወድቆ ይቀራል። በጃፓኑ ሬዲዮ የአዲስ አበባን ጣቢያዎች በሙሉ መስማት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲመርጡ ቴፑ የሚገባበትን የዳሽቦርድ ቀዳዳ ስፋት ያስለኩ። የተለመደው ድርብ መጠን 178 በ100 ሚሊ ሜትር ሲሆን ብዙ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ቶዮታዎች 200 በ100 የሆነውን ሰፊውን ይጠቀማሉ። ለቪትዝ ተብሎ የተሠራ ፍሬም ካልተገኘ ፕላስቲክ በመጋዝ አይቆረጥ፤ አንዴ የተቆረጠ ዳሽቦርድ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ጩኸቱም አይለቅዎትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሽቦው ልምጣ። ከቴፑ ጋር የሚመጣው ሽቦ እንደ ተለመደው ቢጫው ቋሚ ኤሌክትሪክ፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣ፣ ጥቁሩ ደግሞ መሬት ነው። የቶዮታ የራሷ ሽቦ ግን በዚህ ቀለም አይሄድም፤ ቋሚው ሰማያዊ ላይ ቢጫ መስመር ያለበት፣ የቁልፉ ግራጫ፣ መሬቱ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ቀለም ከቀለም እያመሳሰለ የሚያገናኝ ሰው ካዩ ሥራውን ያስቁሙት፤ እያንዳንዱ ሽቦ በቴስተር መለካት አለበት። ከሁሉ የባሰው ስሕተት ቢጫውንና ቀዩን አንድ ላይ ጠምዝዞ ቋሚው ላይ ማሰር ነው። ቴፑ ይሠራል፣ ባለቤቷም ተደስታ ትሄዳለች፣ ቁልፉ ወጥቶም ግን መሣሪያው አይተኛም። ቆሞ 300 ሚሊ አምፔር የሚስብ ቴፕ በ24 ሰዓት 7.2 አምፔር ሰዓት ይበላል፤ ባለ 40 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሦስት ቀን ሳይሞላው ግማሹን ያጣል። መካኒክዎ የፈራው ይህንን ነው፣ ፍርሃቱም ትክክል ነው። መድኃኒቱ ለቶዮታ የተዘጋጀውን ባለ 10 እና ባለ 6 እግር መገናኛ ሶኬት መጠቀም ነው፤ ያኔ አንድም የመኪናዋ ሽቦ አይቆረጥም፣ መኪናዋን ሲሸጧት የድሮውን መሣሪያ መልሶ መሰካት ይቻላል። ሥራው ሲያልቅ መኪናዋ ተቆልፋ ግማሽ ሰዓት ከቆየች በኋላ ባትሪው ላይ ይለካ፤ ጠቅላላው ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ካልሆነ ሒሳብ አይክፈሉ።

የጂፒኤስ አንቴናው ክብሪት የምታህል ጥቁር ሳጥን ናት። ብዙ ገጣሚዎች ቸኩለው ከቴፑ ኋላ ብረት መካከል ይጥሏታል፤ ከዚያ ቀስቱ ከመንገዱ ወጥቶ በሰው ግቢ ሲሄድ ባለቤቱ ካርታውን ይወቅሳል። ፊቷ ወደ ሰማይ፣ ከፕላስቲኩ ሥር፣ ከብረት ርቃ መቀመጥ አለባት። በትክክል ተቀምጣም እንደ ጎተራ ማሳለጫ መንገድ በመንገድ ላይ በተነባበረበት ቦታ የትኛው ደርብ ላይ እንዳሉ መለየት ሊያቅታት ይችላል። በዚህ ረገድ የፋብሪካው መሣሪያ ይበልጥ ነበር።

ካርታውን በተመለከተ በኢንተርኔት ላይ ብቻ አይመኩ። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦዝማንድ የተባሉት መተግበሪያዎች የኢትዮጵያን ካርታ ሙሉ በሙሉ አውርደው ያለ ኔትወርክ ይመራሉ፤ መሠረታቸው ሰዎች በፈቃዳቸው የሚሞሉት ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው ካርታ ስለሆነ የብዙ ሰፈር ስም በአማርኛ ተጽፎ ይገኛል። ጎግል ማፕም አካባቢን አስቀድሞ ማውረድ ይፈቅዳል፣ የወረደው ግን ጊዜ ስለሚያልፍበት መታደስ አለበት። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የአዲስ አበባ መንገዶች ብዙ ስለተለወጡ ካርታዎን በየወሩ ያድሱ። አንድ ቀን ኬክ ሳይሆን ቤተሰብ ይዘው በጎጃም መስመር ቢሄዱ፣ ጎሐ ጽዮንን አልፈው ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ ካርታው አብሮዎት ይወርዳል።

መልስ፦ የቀድሞው ላዳ

ልጄ ብዬ እንድጠራሽ ፍቀጂልኝ። እኔ 28 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ አብዛኛውን በሰማያዊ ላዳ። ባለሙያው የጻፈውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፣ ስለ ሽቦውም የተናገረው እውነት ነው። ነገር ግን ጥያቄሽን ሳነብ የጎደለሽ አዲስ ቴፕ አልመሰለኝም፤ ስልክሽ ያለው ጭንሽ ላይ ነው፣ መሆን የነበረበት ደግሞ ዓይንሽ ፊት ነው። ጠንካራ የስልክ መያዣ ገዝተሽ በነፋስ ማውጫው ላይ ብትሰኪው፣ ድምፁን ከፍ አድርገሽ ብታዳምጪው ሥራሽ ነገ ጠዋት ይቃናል። ስልክሽ ሁልጊዜ ካርታውን ያድሳል፣ ደንበኛሽ የላከችልሽን ሎኬሽን አንድ ጊዜ ነክተሽ ይከፈታል፤ ቴፑ ላይ ግን ያንኑ ሎኬሽን እንደገና መላክ ሊኖርብሽ ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ የዕቃው ጥራት ነው። የልጄ መኪና ላይ የተገጠመው ቴፕ 4 ጊጋ ባይት ራም አለው ተብሎ ተሸጦለት፣ ካርታና ሙዚቃ አንድ ላይ ሲከፈት ይቆም ነበር። በኋላ በሌላ መተግበሪያ ሲመረመር 1 ጊጋ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በቴፑ ማስተካከያ ገጽ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሐሰት ነበር። የሸጠለትን ሰው ስም አልጠራም፣ አንቺ ግን ገንዘብሽን ከመስጠትሽ በፊት ካርታውን፣ ሙዚቃውንና የኋላ ካሜራውን በአንድ ጊዜ አስከፍተሽ እዪ። ማርሽ ወደ ኋላ ሲገባ ምስሉ ወዲያው ካልመጣ ቴፑን ተይው፤ ከኋላሽ ሕፃን ሊኖር ይችላል።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

ወንድምዎ ከሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አልርቅም፤ ዕቃውን ከመላኩ በፊት ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። እዚህ የሚሸጡት ካርታቸው በውስጣቸው የተጫነ ናቪጌሽኖች በአብዛኛው የሰሜን አሜሪካን ካርታ ብቻ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ የጃፓንን ካርታ አውጥተው የሜሪላንድን ካርታ ማስገባት ይሆንብዎታል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ሬዲዮው ነው። የአሜሪካ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች የመጨረሻ አኃዛቸው ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው፤ 88.1፣ 88.3 እያለ ይሄዳል። ለዚህ ገበያ የተሠራ ቴፕም በዚያው ስለሚዘል 102.1፣ 98.1 እና 94.3 በትክክል ይሰማሉ፣ 107.8ን ግን በ107.7ና በ107.9 መካከል ይዘለዋል። በማስተካከያው ውስጥ የአካባቢ ምርጫ ካለው ወደ አውሮፓ ሲቀየር ችግሩ ይፈታል፤ ምርጫው ከሌለው ግን መፍትሔ የለውም። ወንድምዎ ይህንን ሳይጠይቅ እንዳይገዛ።

የፋብሪካ ናቪጌሽን ከሌላ አገር በመምጣቱ ብቻ ሳይሆን በተሠራበት አገርም ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ2022 እዚህ የሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ሲዘጋ፣ በእርሱ ይገናኙ የነበሩ የብዙ መኪኖች አገልግሎቶች አብረው ቆመዋል፤ በብዙዎቹ የሚቀየረው የመገናኛው ክፍል ስለነበረ በሶፍትዌር ብቻ የሚታደስ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የበርካታ አሮጌ ሆንዳና አኩራ መኪኖች ሰዓት ወደ 2002 ተመለሰ። ጂፒኤስ ጊዜን የሚቆጥረው በሳምንታት ሲሆን 1024 ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል፤ ይህም 19 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው። በመኪናዎቹ ናቪጌሽን ውስጥ ያለው ፕሮግራም ያንን መመለስ በትክክል ስላላስተናገደ ሰዎች ለወራት የተሳሳተ ሰዓት ይዘው ነድተዋል። የእኔን የ2010 መኪና ቴፕ የቀየርሁት ያኔ ነው፤ ስልኬ ስክሪኑ ላይ ስለሚታይ ካርታው ስልኬ ባደሰ ቁጥር ይታደሳል። የቀድሞው ላዳ አባታችን ስለ ሎኬሽኑ ላነሡት ስጋትም መልሱ ይህ ይመስለኛል፦ ስልክን በሽቦ ወይም ያለ ሽቦ የሚያንጸባርቅ ቴፕ ከተመረጠ በስልክ የተከፈተው ሎኬሽን በትልቁ ስክሪን ላይ ይመራል።

መልስ፦ ኬክ አድራሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አባቴ፣ የስልክ መያዣውን በማግሥቱ ገዝቻለሁ፤ ምክርዎ ተግባር ላይ ውሏል፣ ስልኩም ከጭኔ ወጥቷል። ሆኖም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ስልኩ እየጋለ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ላይ ስነዳም ይንቀጠቀጣል። ባለሙያውን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የድሮውን መሣሪያ ካወጣሁት በኋላ አስቀምጠው ወይስ ልሽጠው?

መልስ፦ ሽቦና ቴስተር

ያስቀምጡት፣ በውስጡ ያለውንም ኤስዲ ካርድ እንዳይነቅሉ። ብዙዎቹ የቶዮታ መሣሪያዎች ሥራ የሚጀምሩት የካርታ ካርዳቸውን አንብበው ነው፤ ካርዱ ከጠፋና ባትሪ ከተነቀለ በኋላ በጃፓንኛ ካርድ እየጠየቁ ይቆማሉ፣ ሬዲዮውም አይከፈትም። ካርዱን ለስልክ ማከማቻ ተጠቅመውበት ካርታውን ሰርዘው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው የማይከፈት ሳጥን ነው። ባትሪ ለመቀየር ብቻ ነቅለው ይህ የደረሰባቸውም አሉ።

የፀሐዩን ነገር በተመለከተ ቴፑ ራሱ ሊግል ስለሚችል ከኋላው አየር የሚያገኝበት ክፍተት ይተው። የፍጥነት ምልክቱን የያዘችው ባለ 5 እግር የቶዮታ ሶኬት ለአዲሱ ቴፕ ካላስፈለገች በናስትሮ ተጠቅልላ ትቀመጥ እንጂ አትቆረጥ።

መልስ፦ ባለ ኤሌክትሪክ መኪና

ይህንን የሚያነቡ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች እንዳይሳሳቱ አንድ ቃል ልጨምር። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች መጥተዋል፤ የእኔም ከእነርሱ አንዷ ናት። የካርታችን ችግር ከቪትዟ ጋር ይመሳሰላል፣ መፍትሔው ግን አይመሳሰልም። በእኔ መኪና ማቀዝቀዣው፣ የቻርጅ ገደቡና የመኪናው ማስተካከያዎች በሙሉ የሚታዘዙት በዚያው ስክሪን ስለሆነ ስክሪኑን ማውጣት መኪናውን ማሰናከል ነው። እኔ ስክሪኑን ሳልነካ ስልኬን ከፊት ሰክቼ እጠቀማለሁ። የቀድሞው ላዳ ምክር ለእኛ ይበልጥ ይሠራል።

መልስ፦ ኬክ አድራሽ

ከሦስት ሳምንት በኋላ የተመለስሁት ውጤቱን ለመንገር ነው። ስልክን የሚያንጸባርቅ ባለ 9 ኢንች ቴፕ እዚሁ ገዛሁ፤ ወንድሜ ገንዘቡን ልኮልኛል። የመጀመሪያው ሱቅ መገናኛ ሶኬት የለኝም፣ ሽቦውን ቆርጬ እገጥማለሁ ስላለኝ ትቼው ወጣሁ፤ ሁለተኛው ሶኬቱን ከሶማሌ ተራ አስመጥቶ እየለካ ሲያገናኝ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ተቆልፋ ስትለካ 22 ሚሊ አምፔር አሳየች። የኢቲሲው ሳጥን ከመሪው ሥር ተገኝቶ ሶኬቱ ተነቅሏል። አንቴናዋ ከመስታወቱ ግርጌ በፕላስቲኩ ሥር ተቀምጣለች፤ ሰሚትና ጀሞ መካከል ቀስቱ ከመንገድ ወጥቶ አያውቅም፣ ጎተራ ላይ ግን እንደተነገረኝ የላይኛውን መንገድ ከታችኛው ጋር ሁለት ጊዜ አምታታብኝ። አሁን እዚያ ስደርስ ስክሪኑን ሳይሆን መንገዱን እያየሁ ነው የማልፈው። ትናንት ባለ አራት ደርብ ኬክ ኮዬ ፈጬ አድርሻለሁ፤ ሁሉም ደርብ በቦታው ነበር።